የክርስትና ስሟን የሚያውቅ አልነበረም፦ ከኮምቦልቻ የአንድ ደብር ጉዳይ

ሴትዮዋ የመጡት ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ዐቢይ ጾም ነበር። ኪዳን ደርሶ ሰው እየተበተነ ነው። እኔ በዚያን ጊዜ የደብሩ ሰበካ ጉባኤ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነበርኩ። ቢሮ ልከፍት ስል በሩ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ሻሻቸውን ጠበቅ አድርገው አስረዋል። መስበሃቸውን በእጃቸው ጠቅልለው ይዘዋል። ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ መሆናቸው ብዙም አላስጨነቃቸውም። ወሎ ነው።

«ልጄ፣ አንድ ቄስ ጥራልኝ።»

«ምነው እናቴ፣ ማን ታሞ ነው?»

«ተከራዬ ሞታ አደረች። ማተብ አላት። የናንተ ናት።»

ከዚህች ልጅ ሞት በኋላ ደብሩ ካህናቱን ለከተማ አገልግሎት ለማሠልጠን ሞከረ። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። ሁለተኛው በግማሽ ተሳካ። ሁለቱንም ስላየሁ ልጽፈው ወደድኩ። ደብሩንም ሰዎቹንም በስም አልጠራም። ሟቿ ቤተሰብ አላት፤ ካህናቱም አብዛኞቹ ዛሬም እዚያው ናቸው።

ያ ረቡዕ

አለቃው ሲደርሱ የተለመደውን ጠየቁ። የንስሐ አባቷ ማን ናቸው? የሰበካ አባል ናት? የክርስትና ስሟስ? ሴትዮዋ ለአንዱም መልስ አልነበራቸውም። «እኔ ኪራይ ነው የምቀበላት» አሉ። «ደግ ልጅ ነበረች። ከዚህ በላይ አላውቅም።»

አለቃውን ጨካኝ ናቸው ማለት ይቀላል። አይደሉም። ፍትሐት የሚደረገው በክርስትና ስም ነው፤ መታወቂያ ላይ ያለው ስም አይሆንም። ስሟ ካልታወቀ ካህኑ ማን ብሎ ይጥራት? በንስሐ መኖሯን ደግሞ የሚመሰክረው የንስሐ አባቷ ነው። ሥርዓቱ የተሠራው ሁሉም ሁሉን በሚያውቅበት አገር ነው። እዚያ «የንስሐ አባቷ ማን ናቸው?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። መልሱ ከጥያቄው በፊት ነው የሚመጣው።

የተላኩት ካህን የደላንታ ሰው ናቸው። እዚህ መምሬ እላቸዋለሁ። ቅኔ የቆጠሩት ዋድላ ነው፤ ቅዳሴያቸው የሰለልኩላ ዜማ ነው። የሰሜኑ ጦርነት ያገራቸውን ደጅ ረግጦ ካለፈ በኋላ ወደ ኮምቦልቻ ወረዱ። ከተማ ከገቡ ገና ዓመት አልሞላቸውም። አብሬያቸው ሄድኩ።

ግቢው አሥራ አንድ ክፍል አለው፤ በግራና በቀኝ ተደርድሮ፣ መሐሉ ላይ አንድ ቧንቧ። ልጅቷ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ነበር የምትኖረው። ጓደኞቿ ማታ ፈረቃ ገብተው ስለነበር ስትሞት ብቻዋን ነበረች። ሦስት ቀን አሟት፣ ሰኞ ክሊኒክ ሄዳ መድኃኒት ተሰጥቷት ነበር። ክፍሉ ውስጥ መሬት ላይ የተነጠፉ ሦስት የስፖንጅ ፍራሾች አሉ። አንድ የኤሌክትሪክ ምድጃ። ሁለት ቢጫ ጀሪካን። ግድግዳው ላይ በፕላስተር የተለጠፈች የኪዳነ ምሕረት ሥዕል። ከሥዕሏ ሥር ባለው ሚስማር ላይ የፋብሪካው ባጅ ተንጠልጥሏል። ፎቶ አለው፣ ስም አለው፣ ቁጥር አለው።

መምሬ ባጁን አገላብጠው አዩትና መለሱት። «ይሄ ሁሉ ተጽፎ የሚያስፈልገን የለበትም» አሉ።

ስልኳ ትራሷ ሥር ነበር። ፓስወርድ አለው። የሚከፍተው ጠፋ። ጓደኞቿ ከፈረቃ ሲመለሱ እያለቀሱ ሞከሩት፣ አልሆነም። የአገሯን ስም ያውቃሉ፤ የእናቷን ስልክ አያውቁም። ሦስት ሰዓት ሲሆን ስልኩ ራሱ ጠራ። «እማዬ» ይላል።

ማንም ሊያነሳው አልደፈረም። መምሬ አነሱት።

«ማነህ አንተ? ልጄስ?»

«ቄስ ነኝ እናቴ። ከኮምቦልቻ።»

«ምነው አባ? ደኅና አይደለችም እንዴ?»

መምሬ ዓይናቸውን ጨፈኑ። መርዶ በስልክ አይነገርም። ሽማግሌ ይላካል፣ ጎረቤት ይሰናዳል፣ ሲነጋጋ በር ይንኳኳል። ስሙ ግን አሁን ያስፈልጋል።

«አሟት ነው። ልጸልይላት ፈልጌ፣ የክርስትና ስሟን ሳልጠይቃት ተኛችብኝ። ማን ነው የክርስትና ስሟ?»

«ነው» ነው ያሉት። «ነበር» አላሉም። ከአፋቸው ሊያመልጥ ሲል መልሰው ሲውጡት ጎናቸው ሆኜ አይቻለሁ።

እናቲቱ ስሙን ነገሩን። እዚህ አልጽፈውም። «ጸልዩላት አባ፣ እሷ ሰው ካልጎተጎታት ጸበል እንኳ አትጠጣም» አሉ። መምሬ የንስሐ አባቷን ጠየቁ። «የኛው መምሬ ነበሩ፤ ዐረፉ እኮ። ሁለት ዓመት ሆናቸው።» ሌላ ያዘች ወይ? «ከተማ ስትገባ ትይዛለች ብዬ ነው እንጂ…»

ቢሮ ተመለስን። አለቃው «ማን ይመሰክራል?» አሉ።

«እኔ» አሉ መምሬ።

«ያውቋታል?»

«ዛሬ አወቅኋት።»

አለቃው ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ መዝገቡን ሳቡት።

ግንዘቱ ተደረገ፣ ፍትሐቱ ተጀመረ። የመኪናውን ኪራይ የሰፈሩ እድር ሸፈነ። የእድሩ አባላት አብዛኞቹ ሙስሊሞች ናቸው። ሟቿ አባል አልነበረችም፤ አከራይዋ በራሳቸው ስም አስመዘገቧት። ሽማግሌዎች ቀድመው ሄዱ፣ አስከሬኑ በማግስቱ ተከተለ።

ካህኑ የተማሩት ለየትኛው አገር ነው?

ኮምቦልቻ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። የሐረጎን ጠመዝማዛ ወርዶ ሙቀቱ ፊት ላይ ሲመጣ ደረስክ ማለት ነው። ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራው፣ ቆዳው፣ ዱቄቱ ድሮም ነበር። በ2009 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሲመረቅ ግን ሌላ ዓይነት ሰው መጣ። ከአምባሰል፣ ከመቅደላ፣ ከደላንታ፣ ከወረኢሉ ገና አሥረኛ ክፍል ጨርሰው የወረዱ ልጆች ናቸው፤ አብዛኞቹ ሴቶች። ሦስት አራት ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ። ፈረቃቸው ይቀያየራል። ኪራይ ሲጨምር ሰፈር ይለውጣሉ።

ከዚያ ጥቅምት 2014 ጦርነቱ ከተማዋ ገባ። ኅዳር መጨረሻ ላይ ወጣ። ታኅሣሥ ላይ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ማለትም ምርቷን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ገበያ ከምታስገባበት ዕድል፣ አስወጣች፤ በየፓርኩ ትእዛዝ ቀነሰ፣ ሠራተኛ ተቀነሰ። ቤቷ ገንዘብ ትልክ የነበረች ልጅ ድንገት ምንም የማትልክ ሆነች።

ይህን ሕዝብ የሚያገለግለው ካህን ደግሞ የተማረው ሌላ ቦታ ነው። ንባብ ቤት፣ ዜማ ቤት፣ ቅዳሴ ቤት፣ ከቻለም ቅኔ ቤት። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ ይዞ፣ ውሻ እየተከላከለ ቁራሽ ለምኖ ነው የተማረው። በዚህ ትምህርት ላይ አፌን አልከፍትም። ወሎ እኮ ካህን ስታስተምር የኖረች አገር ናት፤ አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዘመን ሐይቅ እስጢፋኖስ ላይ ደቀ መዛሙርት ሲያፈሩ ኮምቦልቻ የሚባል ከተማ አልነበረም። አዲስ አበባ ያሉት መንፈሳዊ ኮሌጆች የሚያወጧቸው ተመራቂዎች በብዛት ሰባኪ ወይም የቢሮ ሰው ይሆናሉ። ንስሐ የሚቀበለው፣ ክርስትና የሚያነሳው፣ ሙት የሚፈታው ካህን ዛሬም ከአብነት ትምህርት ቤት ነው የሚመጣው።

ታዲያ ምን ጎደለው? በደብሩ ውስጥ ብዙ ሰው «ዘመናዊ እውቀት» ይል ነበር። ኮምፒውተር፣ ሳይኮሎጂ፣ እንግሊዝኛ። እኔም እንደዚያ አስብ ነበር። አሁን አይመስለኝም። ገጠር ያለ ካህን ሰው ፍለጋ አይሄድም፣ መሄድም አያስፈልገውም። ሰው ይወለዳል፣ ወደ እሱ ይመጣል። ይታመማል፣ ይጠሩታል። ለቅሶው ይሰማል፣ ማዶ ድረስ። የንስሐ ልጆቹን በቃሉ ያውቃቸዋል፤ ያባቶቻቸውንም ንስሐ የተቀበለው እሱ ወይም አባቱ ነው። ከተማ ሲገባ ያንኑ ያደርጋል። ቤተ ክርስቲያኑ ዘንድ ተቀምጦ ይጠብቃል። የሚመጣ ይመጣል። የማይመጣው አይታየውም፣ ስለማይታየውም የሌለ ይመስለዋል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ካህናቱ ራሳቸው እስኪያነሱት ድረስ ማንም በአደባባይ አይለውም። ገጠር ካህኑ ማሳ አለው። ያርሳል። ከተማ ማሳ የለም። ደመወዙ አነስተኛ ነው፤ የሚደጉሙት የንስሐ ልጆቹ ናቸው። ሱቅ ያለው የንስሐ ልጅ ለበዓል ይጠራል፣ ያበላል፣ ለትራንስፖርት ብሎ ኪስ ውስጥ ይከትታል። አንድ ክፍል ለሦስት የተከራየች ልጅ ምን ትሰጣለች? ቡና። እሱንም ስኳሩን ከጎረቤት ተበድራ። እግር ደግሞ ወደሚጠራው ቤት ነው የሚሄደው። ይህን የተናገሩት አንድ ጎልማሳ ካህን ናቸው፤ ሲናገሩ ማንንም አላዩም፣ ጫማቸውን ነበር የሚያዩት።

የከሸፈው ሥልጠና

ከልጅቷ ሞት በኋላ ሰበካ ጉባኤው ተሰበሰበ። የሰበካ ጉባኤ መተዳደሪያ ደንብ የሆነው ቃለ ዓዋዲ በ1965 ዓ.ም. ከወጣ ጀምሮ ካህናትም ምእመናንም ወጣቶችም በአንድ ጠረጴዛ ይቀመጣሉ፤ ያን ቀን ጠረጴዛው ሞቆ ነበር። «ካህናቱ ይሠልጥኑ» ተባለ። ሁሉም ተስማማ። ለምን፣ በምን፣ የት የሚለውን ማንም አላነሳም። ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔ ነኝና እኔም አላነሳሁም።

አሠልጣኝ ከሌላ ከተማ መጣ። ጥሩ ልጅ ነው፤ በደንብ የተማረ። ሰኔ ላይ ነበር፣ ጾመ ሐዋርያት ገብቷል። ሥልጠናው የተያዘው ከሰዓት ስምንት ሰዓት ላይ ነው። በጾም ቅዳሴ ስድስት ሰዓት ገደማ እንደሚገባና ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ እንደሚወጣ መርሐ ግብሩን ያወጣነው ሰዎች ሁላችንም እናውቃለን። ግን ያው ረሳነው። ከ14 ካህናት ግማሾቹ ቅዳሴ ላይ ነበሩ። የመጡትም ጦማቸውን ነው፣ ጉሮሯቸው ደርቋል።

ልጁ ፕሮጀክተሩን ከፈተ። «የከተሜነት ፈተናዎችና ስልታዊ ምላሽ» ይላል። ቀስቶች አሉ፣ ክቦች አሉ። አንድ ሽማግሌ መሪጌታ ፊት ለፊት ተቀምጠው ክቦቹን አተኩረው ያያሉ። እኔ የተመሰጡ መስሎኝ ነበር። ኋላ ሳያቸው ተኝተዋል። ሁለተኛው ቀን መብራት ጠፋ። ሦስተኛው ቀን አምስት ሰው መጣ። አራተኛው ቀን የለም።

ጥፋቱ የአሠልጣኙ አልነበረም። ጥያቄ ሳንሰጠው መልስ ይዞ እንዲመጣ ጠራነው።

ወርቁን ስማ

ነገሩን ያዞሩት እኚያ የተኙት መሪጌታ ናቸው። ቅኔ አስተማሪ ነበሩ። ሻይ ቤት ተቀምጠን ስለ ከሸፈው ሥልጠና ስንብከነከን፣ «አንድ ልጅ ቅኔ ሳይሰማ ቅኔ ይቆጥራል?» አሉ። አይቆጥርም አልናቸው። «እንግዲያው ሰፈሩን ሳይሰሙ ስለ ሰፈሩ ምን ይሠለጥናሉ?»

ሐሳባቸው ቀላል ነበር። አዳራሹ ይቅር። ካህናቱ ሁለት ሁለት ሆነው ይሂዱ፣ ጌታ እንደላካቸው። ኪራይ ቤት ያለበትን ግቢ ሁሉ ይዙሩ። ማስተማር የለም፣ መገሠጽ የለም፣ ገንዘብ መቀበል ክልክል ነው። ጠይቀው፣ ሰምተው ይመለሱ። ከዚያ ተቀምጠን እንነጋገር። መስቀል ካለፈ በኋላ ተጀመረ፣ ጾመ ነቢያት ከመግባቱ በፊት አለቀ። ስድስት ሳምንት፣ ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት።

መጀመሪያው ሳምንት ላይ የሳቅን ያህል ስቀን አናውቅም። ሁለት ካህናት አንድ ግቢ ገብተው የመጀመሪያውን በር አንኳኩ። ሙስሊም ናቸው። ሁለተኛው፣ ሙስሊም። ሦስተኛውም። በየቤቱ ግን «አባ፣ ግቡ ቡና ጠጡ» ነው። እምቢ ማለት ነውር ሆነባቸው። በአራተኛው በር ላይ የሚፈልጓትን ልጅ ሲያገኙ ዘጠኝ ስኒ ጠጥተዋል፤ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ነው የባረኳት። ሌላኛው ካህን ደግሞ ከአንዲት ክርስቲያን ልጅ «ወላሂ አባ፣ ልመጣ ነበር!» የሚል ሰምተው ደንግጠው መጡ። መሪጌታው ሳቁ። «ወሎ ውስጥ ወላሂ ሃይማኖት አይደለም፣ እውነቴን ነው ማለት ነው። አብሽር በላት።»

ሁለተኛው ሳምንት ሳቁ ቀነሰ። ካህናቱ የሰሙትን በየራሳቸው መተርጎም ጀመሩ፤ እዚህ ላይ ነው የአብነት ትምህርቱ ዋጋ የታየኝ። መምሬ አንድ ቀን ይህን ነገሩን። «ንስሐ አይደለም፣ ደጅ ላይ የነገረችኝ ነው» ብለው ጀመሩ። ልጅቷ «አገሬ ለመሄድ መሳፈሪያ አጣሁ» አለቻቸው። አብረዋቸው የነበሩት ካህን ኪሳቸውን ሊዳብሱ ሲሉ መምሬ በክርናቸው ያዟቸው። «ሰሙ መሳፈሪያ ነው» አሉን። «መሳፈሪያ ግን ጓደኞቿ ያዋጡላታል። ወርቁ ሌላ ነው ብዬ ተቀመጥኩ።» ቆይተው ስለ እናቷ ጠየቋት። አለቀሰች። ከሥራ ከተቀነሰች አራት ወር ሆኗታል፤ ቤት አልተናገረችም። ባዶ እጇን መግባት ፈርታ ነው።

ሰምና ወርቅ ለመለየት ዓመታት ደጅ የጠና ሰው፣ የምትናገረውን ልጅ አጠገብ ካስቀመጡት፣ ይሰማል። ለዚህ የሚያስፈልገው ፕሮጀክተር አልነበረም። በሩን ማንኳኳት ነበር።

ብዙ ጊዜ የወሰዱት ግን ጥያቄዎቹ ናቸው። የመጀመሪያው ቀኖና ነበር። ስምንት ሰዓት ልብስ ስትሰፋ ለዋለች ልጅ የሚሰጠው ስግደት ገበሬ ጎረምሳ ከሚሰግደው እኩል መሆን አለበት? ከባድ ክርክር ሆነ። «ሥርዓት በወገብ ሕመም አይለወጥም» ያሉ ነበሩ። አንድ ካህን ግን ለአንዷ ስግደቱን አቃልለው የታመመች የክፍል ጓደኛዋን ሳምንቱን ሙሉ እንድታስታምም አዝዘዋት ነበር። መሪጌታው «ቀኖና መድኃኒት ነው፤ መድኃኒት ደግሞ እንደ በሽተኛው ይለካል» አሉ። በዚህ ላይ ሁሉም አልተስማማም፣ እስከ ዛሬም።

በስልክ ማገልገል ይቻላል ወይ የሚለው ጥያቄ ግን በፍጥነት አለቀ። ኑዛዜ በስልክ አይሆንም፤ ከኃጢአቱ የሚፈታው ሰው ካህኑ ፊት ይቁም። ቀጠሮ መያዝ፣ መጠየቅ፣ ማጽናናት ግን በስልክ ይቻላል። ጸደቀ።

ከዚያ ደግሞ አንድ ካህን የማይወደድ ነገር ተናገሩ። «ፕሮቴስታንቶቹ በየቤቱ ኅብረት አላቸው። አንዷ ከቀረች በሳምንቱ ይታወቃል። የኛዋ ብትሞት አከራይዋ ናት የምታውቀው።» ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ አንዱ «እኛስ ጽዋ አለን አይደለም እንዴ?» አሉ። እውነት ነው፤ የጽዋ ማኅበር ከማንም አልተበደርነውም። ሦስት ግቢ ውስጥ ያሉ ልጆች በኪዳነ ምሕረት ስም ጽዋ እንዲጀምሩ ተደረገ። ችግሩ ወር በገባ በ16 ግማሾቹ ፈረቃ ላይ ናቸው። ልጆቹ ደመወዝ በወጣ ማግስት ያለው እሑድ ይሁንልን አሉ። ሽማግሌዎቹ «ጽዋ በዕለቱ ነው እንጂ በደመወዝ ነው እንዴ?» ብለው ተቆጡ። ሁለት ሳምንት ተፈጀበት። መጨረሻ ላይ ስሙ የኪዳነ ምሕረት ሆኖ ቀኑ እሑድ ሆነ። ዳቦውን በየተራ ይገዛሉ፤ ጠላ የለም፣ ብርዝ ነው።

የመምሬ ምስክርነት

በአራተኛው ሳምንት አንድ ካህን መምሬን ፊት ለፊት ጠየቋቸው። «ያላየኸውን መሰከርህ። ልጅቷ ንስሐ ትግባ አትግባ ምን አወቅህ? እናቷንስ አልዋሸሃትም?»

መምሬ ቶሎ አልመለሱም። ከዚያ «ማተቧን አይቻለሁ» አሉ። «ሥዕሏን አይቻለሁ። እናቷን ሰምቻለሁ። ከዚህ በላይ የማላውቀው የሷ ጥፋት ነው ወይስ የኔ? ከተማ ከገባሁ ጀምሮ ከቤቷ እስከ ቤቴ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነበር።» ስለ እናቷ ደግሞ፣ «እሱን ለንስሐ አባቴ ተናግሬዋለሁ። ቀኖና ተቀብያለሁ» አሉ።

ጠያቂው አልረኩም። መሪጌታውም አልፈረዱም። እኔ ራሴ ብዙ አስቤበታለሁ፤ ሥርዓቱን ጠብቀው ቢሆን ኖሮ ያቺ ልጅ ስሟ ሳይጠራ ትሸኝ ነበር። ግን ማንም ካህን ላላየው ሰው ይመስክር ብዬ ደንብ አላወጣም። ዳግመኛ ማንም ሳይታወቅ እንዳይሞት ማድረግ ነው የሚሻለው።

ምን ቀረ?

አሁን አንድ መዝገብ አለ። መጀመሪያ የተሠራው ያለፈ ዓመት የግድግዳ ካላንደር ጀርባ ላይ ነው፤ ግቢዎቹ በእርሳስ ተስለው፣ ቧንቧውና ሱቁ ምልክት ሆኖ። ኋላ ወደ ትልቅ ደብተር ተገለበጠ። አምዶቹ አራት ናቸው፦ ስም፣ የክርስትና ስም፣ የቤተሰብ ስልክ፣ የንስሐ አባት። የንስሐ አባቱ ገጠር ከሆኑ «በከተማ የሚጠይቃት» ተብሎ የአንድ ካህን ስም ይጻፋል። ገጠር ያሉት አባት አልተነጠቁም፤ ይህ ብዙ ኩርፊያ አስቀርቷል። ደብተሩ ውስጥ ምንም ኃጢአት አይጻፍም፣ ምን ሠራች፣ ምን አለች የለም። ቁልፉ ቄሰ ገበዙ ጋ ነው።

ያልሆነውም ብዙ ነው። ከ14ቱ ካህናት አዘውትረው የሚዞሩት ስድስት ናቸው። ሌሎቹ ሰነፎች ሆነው አይደለም። ሦስት ልጅ የሚያሳድግ ካህን ገንዘብ የማይሰጥ ቤት እንዲዞር ስታዝዘው የሆነ ነገር ልትተካለት ይገባል። ሰበካ ጉባኤው ለዙረቱ አነስተኛ የትራንስፖርት አበል ይመደብ የሚል ሐሳብ አቀረበ፤ አጸደቀ፤ ለሁለት ወር ተከፈለ። ከዚያ የቅጽሩ ግንብ እድሳት መጣና ገንዘቡ ወደዚያ ሄደ። ግንቡ አምሯል። አንድ ካህን ደግሞ ወደ አዲስ አበባ ሄዱ፣ የተሻለ ደመወዝ አግኝተው። አልፈርድባቸውም። የማታ ፈረቃ ልጆች አሁንም ቅዳሴ አይደርሱም፤ ለእነሱ የሚሆን ሰዓት ማግኘት አልቻልንም። ወንዶቹ፣ የባጃጅና የሲኖ ትራክ ልጆች፣ መዝገቡ ላይ እንደ ጨው ለምልክት ያህል ናቸው። ለእነሱ ግቢ ዙረቱ አይሠራም። ቤታቸው መንገድ ነው።

ባለፈው ጥቅምት ከመምሬ ጋር የቦርከናን ወንዝ ተሻግረን ስንሄድ ስልካቸው ጠራ። ድምፁ ለእኔም ይሰማል። የዚያች ልጅ አከራይ ናቸው።

«መምሬ፣ እንደምን አደሩ? ሁለት ልጆች ገብተዋል፣ በቀደም። አንደኛዋ የኛ ናት፤ ሌላዋ ማተብ አላት። ከመካነ ሰላም ነኝ ትላለች። መቼ ይመጣሉ?»

«ዛሬ ማታ እመጣለሁ።»

«ማታማ ፈረቃ ናት። ነገ ጠዋት ይምጡ፣ ቡና አፈላለሁ።»

መምሬ ቆሙ። ከካባቸው ኪስ እስክሪብቶ አወጡና በመዳፋቸው ላይ የክፍሉን ቁጥር ጻፉ።